ደብተሩ ከተከደነ በኋላ

ልጆቻቸው በትምህርት እንዲገፉ የሚመኙ ወላጆች፣ ይልቁንም የፈተናው ወራት እየቀረበ ሲሄድ፣ ከዓመት ዓመት የሚያሰሙት አንድ የታወቀ ሮሮ አለ፤ ይኸውም ልጃቸው ማታ ማታ እንቅልፍ እስኪጥለው ድረስ ደብተሩን ታቅፎ ሲያነብ እያዩት፣ «ጨረስህ ወይ?» ሲሉትም «አዎ፣ ገብቶኛል» ሲል እየሰሙት፣ የፈተናው ወረቀት ፊቱ በቀረበ ሰዓት ግን ያ ሁሉ ድካም እንዳልነበረ ሆኖ «ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ» እያለ መመለሱ ነው። በዚህም ምክንያት አንዳንዱ ወላጅ ልጁን ሰነፍ ነው ብሎ ይገሥጸዋል፤ አንዳንዱ «የእኔ ልጅ ቀለም አይገባውም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ኪሱ የሚፈቅድለትም ወደ መድኃኒት ቤት ሄዶ ለአእምሮ ይበጃል የተባለ ሽሮፕ ገዝቶ ይመለሳል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለሚመረምረው ሰው ግን ከእነዚህ ልጆች የሚበዙት ከተፈጥሮ የተነፈጉት ነገር የለም፤ ችግራቸው ትምህርቱን ወደ ልቡናቸው ለማስገባት ሌት ተቀን ሲደክሙ፣ ከልቡናቸው መልሶ ማውጣትን ግን ከፈተናው ቀን አስቀድሞ አንድም ጊዜ ሳይለማመዱት መቅረታቸው ነው።

የመርሳትን ባሕርይ በቁጥርና በመስፈርት መርምሮ ያስረዳ የመጀመሪያው ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ይህ ሰው ምርምሩን የፈጸመው በራሱ ላይ ነበር፤ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ድካሙን እንዳያቃልልበትና ውጤቱን እንዳያዛባበት በማሰብም፣ ምንም ትርጉም የሌላቸውን ወደ 2,300 የሚጠጉ አጫጭር ድምፆች አዘጋጅቶ፣ በተርታ እየደረደረ፣ አንዱን ተርታ ሳይሳሳት በቃሉ እስኪወጣው ድረስ ይደጋግመው ነበር፤ ከዚያም የተወሰነ ጊዜ አሳልፎ ያንኑ ተርታ እንደገና ሲያጠና፣ ሁለተኛው ጥናት ከመጀመሪያው ምን ያህል ድካም እንደ ቀነሰለት በጥንቃቄ ይመዘግባል። በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ እንደ ገለጸው፣ ጥናቱ ካለቀ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈለት 58 ከመቶ ያህል፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 44 ከመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ ከሢሶው እምብዛም ያልበለጠ ነበር፤ ከ31 ቀን በኋላ ግን 21 ከመቶ ያህሉ ገና አልጠፋም። እንግዲህ መርሳት በየቀኑ እኩል እኩል እየቆነጠረ የሚወስድ አይደለም፤ የሚበዛውን የሚነጥቀው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ያን ክፉ ሰዓት ያለፈው ዕውቀት ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እርግጥ ነው፣ ትርጉም ያለው ትምህርት ትርጉም የሌለው ድምፅ የሚረሳውን ያህል ቶሎ አይረሳምና፣ እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ አንሥቶ በአንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ላይ መለጠፍ አይገባም፤ ትምህርቱ የተሰማበት ዕለት ማታ ከሁሉ የከበረ ጊዜ መሆኑን ለመረዳት ግን ይበቃሉ።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ለወላጅና ለመምህር ከዚህም ይበልጥ የሚጠቅም ነገር ተጽፏል። ኤቢንግሃውስ 12 ድምፅ ያለበትን አንድ ተርታ በአንድ ቀን 68 ጊዜ ያለማቋረጥ ከደጋገመው በኋላ፣ በማግሥቱ ሳይሳሳት ለመወጣት ሌላ 7 ጊዜ መድገም አስፈለገው፤ ድግግሞሹን በሦስት ቀን ከፋፍሎ ባደረገው ጊዜ ግን ወደዚያው ውጤት ለመድረስ 38 ጊዜ ብቻ በቃው። ይህም ማለት ድካሙ ወደ ግማሽ ያህል ቀነሰለት ማለት ነው። የእኛ ተማሪ የሚያደርገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ከመስከረም እስከ ጥር ደብተሩን የቤት ሥራ ለመሥራት ካልሆነ በቀር ሳይገልጠው ይከርምና፣ ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እንቅልፍ እንዳይወስደው እግሩን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ጀበናውን አጠገቡ አስቀምጦ፣ የአምስት ወር ትምህርት በአንድ ሌሊት ሊውጥ ይታገላል። የዋለው ሰዓት ብዛት ያው ሆኖ፣ የሰኞውን ትምህርት ሰኞ ማታ ዐሥር ደቂቃ፣ ረቡዕ ዐሥር ደቂቃ፣ በሚመጣው ሰኞ አንድ ጊዜ፣ ከወር በኋላም ሌላ አንድ ጊዜ ቢመለስበት ኖሮ፣ በዚያች ሌሊት ተኝቶ ባደረ ነበር።

ነገር ግን መመለስ ሲባል ደብተሩን ገልጦ እንደገና ማንበብ ማለት እንዳይመስለን፤ ብዙዎቹ ትጉሃን ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። በአሜሪካ ሀገር በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎችን ከፍለው፣ አንደኛው ክፍል አንድን ጽሑፍ በአራት የጥናት ጊዜ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው ክፍል ግን በአንደኛው የጥናት ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስቱ ጊዜያት ጽሑፉ ተሰውሮ የሚያስታውሰውን ሁሉ በባዶ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አደረጉ። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፉን በአማካይ ከ14 ጊዜ በላይ አነበቡት፤ ሁለተኛዎቹ 3 ጊዜ ከጥቂት ብቻ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን አንባቢዎቹ 40 ከመቶ ያህል ሲያስታውሱ፣ መጽሐፉን ከድነው ከልባቸው ያወጡት 61 ከመቶ ያህል አስታወሱ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ጥናቱ እንዳለቀ «ከሳምንት በኋላ ምን ያህል ታስታውሳላችሁ?» ተብለው በተጠየቁ ጊዜ ይበልጥ በራሳቸው የተማመኑት እነዚያ ኋላ የተሸነፉት አንባቢዎች መሆናቸው ነው።

ልጁ «ገብቶኛል» ሲል እንግዲህ አልዋሸም፤ የተታለለው ራሱ ነው። በገበያ መካከል ያገኘነውን ሰው መልኩን በደንብ ለይተን እያወቅነው ስሙ ግን አልመጣልን እያለ እንደምናፍር ሁሉ፣ ደጋግሞ የተነበበ ገጽም ለዐይን ወዳጅ ይሆናል፤ ፈተናው የሚጠይቀው ግን መልኩን አይደለም። በ1939 እ.ኤ.አ. ኸርበርት ስፒትዘር የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ሰው፣ በአዮዋ ክፍለ ሀገር በ91 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚገኙ 3,605 የ6ኛ ክፍል ልጆችን ይዞ ባደረገው ሰፊ ምርመራ፣ ባነበቡት ነገር ሳይውሉ ሳያድሩ የተጠየቁት ልጆች ጥያቄው ከዘገየባቸው ልጆች ይልቅ ከሳምንታት በኋላ አብልጠው እንደሚያስታውሱ አሳይቶ ነበር። እንዲህ ያለው ዕውቀት በመጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ላይ ይህን ያህል ዘመን ተቀምጦ ሳለ፣ ዛሬም በቀይና በአረንጓዴ ቀለም ከሥሩ ያሰመረበትን ደብተር ስምንት ጊዜ በማንበብ የሚመካ ተማሪ መኖሩ ያሳዝናል። በ2013 እ.ኤ.አ. ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ ዐሥር የታወቁ የአጠናን ዘዴዎችን እያነጻጸሩ በመዘኑ ጊዜ፣ ከሁሉ በላይ ያስቀመጧቸው ራስን መጠየቅንና ጥናትን በጊዜ ከፋፍሎ ማድረግን ሲሆን፣ ማስመርንና ደጋግሞ ማንበብን ከዝቅተኞቹ ተራ መድበዋቸዋል።

የውጭ ሀገር ሊቃውንት በቁጥር ያረጋገጡትን ይህን ነገር የእኛው የአብነት ትምህርት ቤት ስም ሳያወጣለት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። በንባብ ቤት ያለ ሕፃን ቀን ቀን ከመጽሐፉ ላይ በጣቱ እያመለከተ፣ ከግእዝ ንባብ ወደ ውርድ፣ ከውርድም ወደ ቁም ንባብ እየተሻገረ ሲቀጽል ይውልና፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መጽሐፉ ተከድኖ የቃል ትምህርት ይጀመራል። ለመጽሐፍ የሚበራ መብራት የለም። የኔታ፣ ወይም ከደቀ መዛሙርቱ መካከል በትምህርት የበሰለው አንዱ፣ ከውዳሴ ማርያም ወይም ከመልክአ ኢየሱስ አንዲት ሐረግ ያወጣል፤ ልጆቹ ተቀብለው ይደግሟታል፤ ሁለተኛዪቱ ትጨመርና ከመጀመሪያዪቱ ጋር ተያይዛ ትባላለች፤ ከዚያም የኔታ ዝም ይሉና ወደ አንዱ ዞረው «በል እስቲ አንተ» ይላሉ። በጨለማው ውስጥ ያ ልጅ የሚሰርቀው ገጽ የለውም፤ ሲሰናከል የጎረቤቱ ድምፅ ይመልሰዋል፤ ከመለሰውም በኋላ ከሥሩ ጀምሮ እንዲለው ይታዘዛል። ትናንት የተያዘው ሳይነገር የዛሬው አይጨመርም።

የጸሎቱም ሥርዓት ራሱ ድግግሞሹን በጊዜ ያከፋፍለዋል። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለ ሆነ፣ የሰኞውን ክፍል የያዘ ልጅ ሰኞ በመጣ ቁጥር፣ አጠናለሁ ብሎ ሳያስብ፣ ይመለስበታል፤ መዝሙረ ዳዊትም 150ው መዝሙር ዐሥር ዐሥር እየሆነ «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች ተመድቦ በየዕለቱ ይደገማል። መልክእ የሚባለውን ድርሰት የተመለከትን እንደ ሆነ ደግሞ፣ ደራሲዎቹ ለተማሪው ልቡና ምን ያህል እንደ ተጠነቀቁለት እናያለን፤ ድርሰቱ ከራስ ፀጉር ተነሥቶ ለእያንዳንዱ የአካል ክፍል ሰላምታ እያቀረበ፣ ከግንባር ወደ ዐይን፣ ከዐይን ወደ ጆሮ እያለ፣ እስከ እግር ጥፍር ድረስ የሚወርድ በመሆኑ፣ መሐል ላይ አንዱ ቤት የጠፋው ልጅ ምን ላይ እንደ ደረሰ ለማወቅ የራሱን ሰውነት ዳስሶ ማግኘት ይችላል። የጥንት ሮማውያን ተናጋሪዎች የንግግራቸውን ነጥቦች በሚያውቁት ቤት ክፍሎች ውስጥ በሐሳብ እያኖሩ በቅደም ተከተል ያወጧቸው እንደ ነበር ሲሴሮ የጻፈው ከዚህ ጋር የተዛመደ ጥበብ ነው፤ የመልክኡ ደራሲ ግን ከቤት ይልቅ የሚቀርብ ስፍራን መረጠ።

ሌላም አለ። ሀ ሁ ሂን በዜማ የያዘ ሕፃን ፊደል የቆጠረ ይመስላል፤ ጣቱና አፉ ተለያይተው፣ አፉ «ሩ» ሲል ጣቱ «ሰ» ላይ የሚገኝ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ መምህራኑ ያንኑ ገበታ ሽቅብና ቁልቁል፣ ከግራና ከቀኝ ካስነበቡት በኋላ፣ ተራው ወደ ተደበላለቀው ወደ አ ቡ ጊ ዳ ያሻግሩታል፤ በዚያም ዜማው ስለማይረዳው እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ለይቶ መጥራት ግድ ይሆንበታል። በ2015 እ.ኤ.አ. ዳግ ሮረርና ባልደረቦቹ በፍሎሪዳ ለ7ኛ ክፍል የሒሳብ ተማሪዎች ያደረጉት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አንዳንዶቹ ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ በተከታታይ ሲሠሩ፣ ሌሎቹ ልዩ ልዩ ዓይነቱ ተደባልቆ ተሰጣቸው፤ ከወር በኋላ ሳያስጠነቅቋቸው ሲፈትኗቸው፣ ደባልቀው የሠሩት 74 ከመቶ፣ በተርታ የሠሩት 42 ከመቶ አገኙ። በሒሳብ ደብተር ላይ ሃያ የመቀነስ ጥያቄ ደርድሮ መስጠት ልጁን ከሦስተኛው ጥያቄ ጀምሮ ማሰብ እንዲያቆም ከማድረግ በቀር የሚጨምርለት ጥቂት ነው።

የአብነቱን ትምህርት ይህን ያህል ያመሰገንሁት ጉድለት የለውም ለማለት አይደለም። ዳዊት የደገመ ልጅ የሚደግመው የግእዝ ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቀው፣ ዕድሉ አግኝቶ ቅኔ ቤት ከገባና ግሥ ካወረደ፣ ወይም ከዚያ አልፎ መጻሕፍት ቤት ገብቶ አንድምታ ከሰማ በኋላ ነው፤ የሚበዙት ደግሞ ወደዚያ ሳይደርሱ ይቀራሉ። የዘመኑ ተማሪ ሽምደዳ የምንለው ነገር ከዚህ አሮጌ ትምህርት ቤት ጉድለቱን ወርሶ ትሩፋቱን የጣለ ይመስለኛል፤ ትርጉሙን ሳይረዳ ይይዛል፣ መጽሐፉን ከድኖ በጓደኞቹ ፊት ማውጣትን ግን ትቶታል።

ትርጉም ለማስታወስ ምን ያህል እንደሚረዳ ለመግለጽ፣ ጆን ብራንስፎርድና ማርሲያ ጆንሰን በ1972 እ.ኤ.አ. ያደረጉትን ሙከራ መጥቀስ ይበቃል። ለሰዎች ስለ አንድ ሥራ የሚናገር ጽሑፍ አነበቡላቸው፤ ነገሩን በየዓይነቱ መለየት፣ በአንድ ጊዜ አለማብዛት፣ ሥራው ሲያልቅም መልሶ በየቦታው ማኖር እንደሚገባ ይዘረዝራል፤ የሥራውን ስም ግን አይጠራም። ስሙ ሳይነገራቸው የሰሙት ሁሉ ግራ ገባቸው፤ ያስታወሱትም ጥቂት ነበር። አስቀድሞ «ይህ ስለ ልብስ አጠባ ነው» ተብሎ የተነገራቸው ግን ከሌሎቹ እጥፍ ያህል አስታወሱ። ጽሑፉ ከተነበበ በኋላ ርእሱ የተነገራቸው ሰዎች ግን ከዚያ ምንም አልተጠቀሙም፤ ርእሱ የሚረዳው ቀድሞ ሲመጣ ነው።

ይህ በእኛ ሀገር የተለየ ክብደት አለው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ የደነገገ በመሆኑ፣ በአንዳንድ ስፍራም የሳይንስና የሒሳብ ትምህርት ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ እንግሊዝኛ ስለሚዛወር፣ ስንት ልጅ ነው «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን ፍቺ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳያጎድል በቃሉ እየተወጣ፣ ነገሩ ግን በደጁ ያለው የጎመን ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅበት ሥራ መሆኑን ያልተረዳ! ለእንዲህ ያለው ልጅ ምዕራፉን ከመክፈቱ በፊት፣ አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሦስት ዐረፍተ ነገር ቢነግረው፣ ከአንድ ሰዓት ሽምደዳ ይበልጥበታል። የእንግሊዝኛው ቃል ከዚያ በኋላ የሚንጠለጠልበት ነገር ያገኛል።

ልጅን ለማስጠናት የግድ የተማሩ መሆን አያስፈልግም። በሰፈራችን የምትኖር፣ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች በማስረከብ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጇን ግን ከምጣዱ አጠገብ በዱካ አስቀምጣ ስታስጠናት ሰምቻታለሁ። «ደብተሩን ወዲህ በይ» ትልና ተቀብላ ከጉልበቷ ሥር ታደርገዋለች። «እማዬ፣ አንቺ አታነቢ፤ ትክክል ማለቴን በምን ታውቂዋለሽ?» ትላለች ልጂቱ። «አንቺ ንገሪኝ እንጂ፤ ስትቀላምጂ ዐይንሽ ይነግረኛል።» ልጂቱም የሀገሪቱን ታላላቅ ወንዞች ትቆጥራለች፤ አባይ፣ ተከዜ፣ አዋሽ፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ገናሌ፣ ኦሞ፤ አንዱ ቀርቶባት ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። እናቲቱ ስሙን ብታውቅም ባታውቅም አላወጣችላትም፤ «እስቲ እያንዳንዱ ወዴት እንደሚሄድ ንገሪኝ» አለቻት። አባይና ተከዜ ወደ ሱዳን፣ ዋቢ ሸበሌና ገናሌ ወደ ሶማሊያ፣ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ፣ አዋሽ ከሀገር ሳይወጣ በአቤ ሐይቅ የሚቀር መሆኑን ልጂቱ ዘረዘረች። «አጎትሽ ጋምቤላ ሳለ በጀልባ ተሻገርሁት እያለ የሚያወራልን ወንዝስ የት ገባ?» ልጂቱ ዘልላ ተነሣች፤ «ባሮ!»

ይህች ሴት ሳታውቀው ያደረገችው ሁሉ መልካም ነበር። ደብተሩን ከደነች፤ መልሱን ለመንገር አልቸኮለችም፤ የጠፋው ስም ከምን ጋር እንደ ተያያዘ ፈልጋ በዚያ በኩል አወጣችው። ቀጥሎም «አዋሽ ለምን ባሕር አይደርስም?» ብላ ጠየቀቻት፤ ለዚህ ሁለቱም መልስ ስላልነበራቸው ልጂቱ በማግሥቱ መምህሯን እንድትጠይቅ ተወሰነ። ለምን ተብሎ የተጠየቀ ነገር እንዴት እንደሚጸና የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ከወንዞቹ ስም ዝርዝር ሁሉ ያስበልጠዋል። ብዙ የተማሩ ወላጆች ግን ልጁ ገና አፉን ሲከፍት «አይደለም፣ እንዲህ ነው» ብለው መልሱን ስለሚነጥቁት፣ የሚያስታውሱት እነርሱ እንጂ ልጁ አይደለም።

በክፍል ውስጥ ያለው ልማድ ከዚህ ጋር ይጣላል። መምህሩ ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጽሑፍ ይሞላል፤ ልጆቹ አርባውን ደቂቃ ሙሉ ኖት ሲገለብጡ ያልፋል፤ ደውሉ ይደወላል። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያገላብጠው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው፤ ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. ለአዋቂ ሰው ወደ ሰባት የሚጠጋ ነገር ብሎ ገምቶት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት መርማሪዎች ወደ አራት ዝቅ አድርገውታል፤ የሕፃን ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ዐይኑ ከሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ሰሌዳ የሚመላለስ ልጅ ያን ጥቂት ቦታ ለፊደል አጻጻፍ ስለሚያውለው ለምሥጢሩ የሚተርፈው የለም። ግማሹን ኖት አትሞ ወይም አሳጥሮ መስጠት ለማይቻልበት ትምህርት ቤት እንኳ፣ መምህሩ አንድ አንቀጽ አስነብቦ፣ ሰሌዳውን አጥፍቶ፣ ልጆቹ ከልባቸው እንዲጽፉት ቢያደርግ፣ መገልበጡ ወደ ማስታወስ ይለወጣል።

ስለ እንቅልፍ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ሆኖም የሚናቅ አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ጄንኪንስና ዳለንባክ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሁለት ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ካጠኑ በኋላ ተኝተው በተነሡ ጊዜ ያን ያህሉን ሰዓት ነቅተው ከቆዩበት ጊዜ ይልቅ ያጠኑትን ብዙ አልረሱም፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎችም አእምሮ ቀን የተቀበለውን በእንቅልፍ ጊዜ እንደሚያጸና አስረድተዋል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ ወስኗል። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ እስከ እኩለ ሌሊት በሚጮኽበት፣ ልጂቱም ውሃ ለመቅዳት ከጎህ በፊት በምትነሣበት ቤት ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ በልጁ ትራስ ሥር የሚያድረውን ስልክ ማታ መውሰድ ግን ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሆዱ ባዶ የሆነ፣ በሆድ ትል የሚሠቃይ ወይም ደም ያነሰው ልጅም በማናቸውም የአጠናን ዘዴ ሩቅ አይሄድም። አንዳንዱ ደግሞ ረሳ የሚባለው ከመጀመሪያው ስላልሰማ ወይም ስላላየ ነው፤ ጆሮው መግል የሚያፈስ፣ ሰሌዳውን ለማየት ዐይኑን የሚያጨነቁር፣ ከጎረቤቱ ደብተር ላይ የሚገለብጥ ልጅ ካለ፣ ከተግሣጽ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድና እስከዚያው በፊተኛው ወንበር ማስቀመጥ ይገባል።

አለንጋን በተመለከተ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ከሕጉም በላይ ነገሩ ለተፈለገበት ዓላማ አይረባም። ሰው ሲጨነቅ በደሙ ውስጥ የሚረጨው ቅመም የሚያውቀውን ነገር እንኳ ከልቡናው እንዳያወጣ እንደሚያግደው ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል፤ ስለዚህ ልምጭ ይዞ «ንገረኝ!» የሚል አባት መልሱ የሚወጣበትን በር ራሱ እየዘጋ ነው የሚጠይቀው። ከአለንጋው ባልተናነሰ «እኅትህ እንዲህ አልነበረችም» የሚለው ንግግርም እንዲሁ ያደርጋል።

በመጨረሻ ወደ መምህሩ ልመለስ፤ በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ልጅ ይዞ በየዕለቱ ፈተና እንዲያርም የሚጠይቀው የለም። ክፍለ ጊዜው እንደ ተጀመረ፣ ደብተር ሁሉ ተከድኖ፣ ሦስት ጥያቄ ብቻ በቃል ያቅርብ፤ አንዱ ከትናንቱ፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱም ካለፈው ወር ትምህርት ይሁን። ልጆቹ መልሱን በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከዚያም በአንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ወረቀታቸውን ተለዋውጠው፣ መምህሩ መልሱን ከነምክንያቱ በቃል ሲነግራቸው እርስ በርሳቸው ይተራረሙ። ነገሩ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ውጤቱ በማርክ ወረቀት ላይ አይመዝገብ፤ ከተመዘገበ ልጁ ከጎረቤቱ መቅዳት ይጀምራልና። ከግማሽ የሚበዙት የሳቱትን ጥያቄ መምህሩ በማስታወሻው ላይ ያኑረውና በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይጠይቀው።